ክኒኑን ከዋጥሽ በኋላ ፖስታዎቹን ክፈቺ

ይቺ ብርቱካንማ የመድኃኒት ዕቃ እስካሁን ሳትከፈት ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ደግሞ ያልተከፈተ የፖስታ ቁልል አለ፤ ከላይ ያለው የመኪና ኢንሹራንስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ከልጅሽ ትምህርት ቤት የመጣ ይመስለኛል። አትቆጪ፣ አላገላበጥኩትም፤ ከኋላሽ ቆሜ ሻይ ስጠብቅ ዓይኔ አረፈበት እንጂ። ሐኪምሽ ከጭንቀቱ ሌላ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግርም አለብሽ ካለችሽ ወዲህ ስለ ሁሉም ነገር ታወሪኛለሽ፤ ስለዚህች ዕቃ ስጠይቅሽ ግን ወሬ ትቀይሪያለሽ። እኔ ደግሞ ውሎዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ተገዝቶ፣ ተፈርቶ፣ መሳቢያ ውስጥ ጊዜው የሚያልፍ ክኒን ስንት አይቻለሁ። ዛሬ እኔ ላውራ፣ አንቺ ሻዩን አፍዪ።

መጀመሪያ ያችን "ይሄ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?" የምትለዋን ጥያቄሽን እንጨርስ። ከልጅነት ይጀምራል፣ እውነት ነው፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ታይተው መሆን አለባቸው። በልጅነት ጀመረ ማለት ግን በልጅነት ታወቀ ማለት አይደለም። እኛ ቤት የሚታወቀው ወንድማችን ነበር፤ ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ወንበር ላይ የማይረጋው፣ አስተማሪው ሁልጊዜ "ወላጅ አምጣ" የሚለው። አንቺ መስኮት አጠገብ ጸጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ አካልሽ ክፍል ውስጥ፣ ልብሽ ሌላ አገር። ጸጥ ያለች ልጅ ማንን ታስቸግራለች? እማዬ ሱቅ ልካሽ ለምን እንደተላክሽ ረስተሽ ስትመለሺ "ቀልበ ቢስ" ተባልሽ፣ በዚያው አለፈ። ብዙ ሴት ሠላሳና አርባ ዓመት የሚሞላት ሳይታወቅላት ነው፤ ሐኪም ቤት ስትሄድም ቀድሞ የሚሰጣት ስም ጭንቀት ወይም ድብርት ነው።

"ታዲያ ዲግሪዬን እንዴት ያዝኩ?" አልሽኝ ባለፈው። በፍርሃት ነዋ! ፈተናው ነገ ካልሆነ ደብተር አትገልጪም ነበር። አልጋ ለአልጋ ነው የተኛነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ስታበሪ ያልተኛሁት እኔ ነኝ። መባረር፣ መዋረድ፣ መቀጣት ሲመጣ ብቻ አእምሮሽ ይነሳል። ዓመታት እንዲህ ስትኖሪ ፍርሃት የማለዳ ጥሩንባሽ ሆነ፤ እሱ ካልጮኸ አትነሺም።

ይሄን ልብ በይው፣ ምክንያቱም የጭንቀቱን መድኃኒት፣ ሰርትራሊኑን፣ ብቻውን በጀመርሽ ጊዜ የሆነውን የሚያስረዳሽ ይሄ ነው። ጭንቀቱ ረገበ። እንቅልፍ መጣ። ከዚያ የመኪናው ክፍያ አለፈሽ፣ የሥራ ሰዓት መሙላት ረሳሽ፣ አለቃሽ ጠራችሽ፤ አንቺም "ይሄ መድኃኒት አደነዘዘኝ" ብለሽ ልታቆሚው ነበር። እኔ እንደማየው መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ጥሩንባውን ዝም አሰኘው። ከጥሩንባው ሌላ የሚያስነሳሽ ነገር ግን አልነበረሽም። ኤዲኤችዲ ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የጭንቀት ሕመምም አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ሲታከም እንዲህ ያለ ግራ መጋባት እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደዚህች ዕቃ። ሜቲልፌኒዴት ነው የሚለው፤ ኮንሰርታ፣ ሪታሊን እያሉ የሚጠሩት። አዲስ ነገር ላይ ሊሞክሩብኝ ነው ብለሽ ከሆነ፣ ከእማዬ የሚበልጥ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ሊያንድሮ ፓኒዞን የሚባል የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠራው፣ ሪታሊን የሚለውንም ስም ከሚስቱ ከሪታ የወሰደው። የሚሠራውም እንዲህ ነው፦ የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሴሉ ከለቀቃቸው በኋላ መልሶ ይሰበስባቸዋል፤ መድኃኒቱ ያንን መሰብሰብ ያዘገየዋል፣ መልእክቱም ቆየት ብሎ ይሰማል። በተለይ ማቀድ፣ መጀመር፣ ራስን መግታት የሚባሉት ነገሮች በሚሠሩበት በፊተኛው የአንጎል ክፍል ማለት ነው። አንቺ "ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ግን እጄ አይሄድም" የምትይው ነገር መልስ ያለው እዚያ ነው። ሰነፍ አይደለሽም፣ ስንት ጊዜ ልበልሽ።

የመጀመሪያውን ቀን ብዙ አትጠብቂበት። ሐኪምሽ በ18 ሚሊግራም የጀመረችሽ ዝቅ ካለው ተነስታ ቀስ እያለች ልታሳድግ ነው፤ አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት "ሌላው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚኖረው?" ብሎ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም፣ ሁለቱም ምንም ማለት አይደለም። ለእኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ትኩረት ይሰጥሻል፤ ትኩረቱን የት እንደምታውዪው ግን አይነግርሽም። ክኒኑን ውጠሽ ስልክሽን ካነሳሽ፣ በሕይወትሽ እንደዚያ ቀን ተመስጠሽ ቲክቶክ አይተሽ አታውቂም! ወይም ደግሞ የቅመም መደርደሪያውን አውርደሽ፣ ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙዱ ለይተሽ፣ ስም ለጥፈሽ፣ ቀኑ ይመሻል። ቤቱ ያምራል፣ ፖስታው እዚያው ነው። ስለዚህ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ጠዋት የምትሠሪውን አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ አውጪ፤ ፖስታውን፣ እስክሪብቶውን፣ የባንክ ካርዱን። ጠዋት ቁርስ በልተሽ ዋጪ፣ ከዚያ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሌላ ቦታ አትቀመጪ።

ሥራውንም በስሜትሽ አትለኪው። ደስ የሚል ሞቅታ ከጠበቅሽ፣ ያ ቢመጣም በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ከዚያ "ለመደኝ፣ አይሠራም" ብለሽ መጠን ይጨመርልኝ ትያለሽ። ሐኪምሽ የምትጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ባልሽ ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማሽው ወይ? ወጡ አረረ ወይስ አላረረም? ቁልፍሽን ፍለጋ ስንት ጊዜ ተመለስሽ? የጀመርሽው ኢሜይል ተላከ ወይስ ግማሹ ተጽፎ ቀረ? ትንሽ ደብተር ያዢ፣ ማታ ማታ ሁለት መስመር ብቻ ጻፊ። የዋጥሽበትን ሰዓት፣ የሄደበትን ሰዓት፣ የጨረስሽውን ነገር። ሐኪሟ ጋር ያለሽ ጊዜ አጭር ነው፤ "እንዴት ነሽ?" ስትልሽ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለሽ እንዳትወጪ። ስሜትሽን በእንግሊዝኛ መናገር ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅሽን ግን አታስተርጉሚያት።

መኪና መንዳትሽንም ደብተሩ ላይ ጻፊ። ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ መውጫሽን አልፈሽ ቨርጂኒያ የገባሽበትን ቀን እንደ ቀልድ ነው የምታወሪው፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ ሳይካትሪ ላይ የወጣ ጥናት እዚሁ አሜሪካ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የኢንሹራንስ መዝገብ አይቶ ነበር። ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ መድኃኒት በወሰደባቸው ወራት በመኪና አደጋ ድንገተኛ ክፍል የመግባት ዕድሉ ካልወሰደባቸው ወራት በሴቶች በ42 በመቶ፣ በወንዶች በ38 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። "ያለ መድኃኒት ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ" ስትዪ ይሄን አስቢ። ከኋላ ወንበር ላይ ልጅ አለች።

አሁን የምትፈሪው ጋ ደረስን። "ልቤ ድሮም ይመታል፣ ይሄ ደግሞ የሚያነቃቃ ነው፣ ሊያሳብደኝ ነው ወይ?" ትያለሽ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። አንዳንዱን ሰው ጭንቀቱን ያባብስበታል፣ በተለይ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ። አንዳንዱን ደግሞ ያረጋጋዋል፣ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይሄኛውን ነው። የትኛዋ እንደሆንሽ የምታውቂው ጭንቀትሽን ለሁለት ስትከፍዪው ነው። አንደኛው አድራሻ ያለው ጭንቀት ነው፦ ያልተከፈለ ቢል፣ ያልመለስሽው ስልክ፣ ያላደስሽው መታወቂያ፣ ሦስት ጊዜ የሰረዝሽው የጥርስ ቀጠሮ። ይሄ ከኤዲኤችዲው የተወለደ ነው፤ ሥራው ሲሠራ ይቀንሳል። ሁለተኛው አድራሻ የሌለው ነው፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀስቅሶሽ ምንም ሳይኖር "አንድ ነገር ሊመጣ ነው" የሚልሽ፣ ልጅሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሆድሽን የሚበላሽ። እሱን ይሄኛው ክኒን አይነካውም። እሱ የሰርትራሊኑና የንግግር ሕክምናው ድርሻ ነው። ጥቂት ሳምንታት ስጪው፣ ከዚያ የቀረው የቱ እንደሆነ ቆጥረሽ ለሐኪምሽ ንገሪያት።

የልብ ምቱን ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከዋጥሽ በኋላ ልብሽ ፈጠን ሊል ይችላል። አንቺ የልብ መፍጠንን የምታውቂው ከድንጋጤ ጋር ነው፤ "ይኸው መጣብኝ" ትያለሽ፣ ከዚያ በእርግጥም ትደነግጫለሽ። ሰዓቱን እዪ፣ መድኃኒቱ ነው በዪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ተነስተሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ግን ትንታኔ የለም፣ 911 ነው። አባዬ የደም ግፊት እንደነበረበት ለሐኪሟ ነግረሻታል? አልነገርሻትም አይደል? ዛሬውኑ በመልእክት ጻፊላት። የደም ግፊት መለኪያዬን አመጣልሻለሁ፣ መጠን በተቀየረ ቁጥር እንለካለን።

ሰርትራሊኑን ደግሞ "አሁን ሌላ አግኝቻለሁ" ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ። ድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር ነዘር የሚል ነገር ያመጣል። ከባልሽ ጋር ፍላጎት ቀነሰብኝ ብለሽ ያንሾካሾክሽልኝም ነገር የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ አታፍሪ፣ ለሐኪሟ ንገሪያት፣ መላ አለው። ማነቃቂያው ሳይስማማሽ ቢቀር ደግሞ ዓለም አልተደመሰሰችም። አቶሞክሴቲን የሚባል እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈቀደ ሌላ ዓይነት አለ፤ አያነቃቃም፣ ሱስም አያሲዝም፣ ነገር ግን ሙሉ ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። ጓደኛሽ "ይቺ ታረጋጋሻለች" ብላ ከቦርሳዋ የምታወጣልሽን ዛናክስ ግን አትንኪው፤ በቀላሉ የሚለመድ፣ ለመተው የሚያስቸግር መድኃኒት ነው።

ምግብ። ይሄ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አንቺ ደግሞ ድሮም ምሳ የምትረሺ ሰው ነሽ። ቀኑን ሙሉ ሳትበዪ ትውያለሽ፣ ማታ መድኃኒቱ ሲወጣ ረሃቡም፣ ድካሙም፣ ብስጭቱም አንድ ላይ ይመጣል፤ ባልሽ "ይሄ ክኒን ክፉ አደረጋት" ይላል። ክፉ ያደረገሽ ረሃብ ነው። ቁርስ ከክኒኑ በፊት፣ ምሳ ደግሞ በስልክ ማንቂያ፣ ባይርብሽም። ያቺ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ የምትመጣው ብስጭት ግን ከበላሽም በኋላ ከቀጠለች መድኃኒቱ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ለሐኪምሽ ንገሪያት፤ የሚስተካከል ነገር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የዋጥሽው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ረፋድ ላይ ትዝ ብሎሽ ብትውጪው ግን ሌሊት ጣሪያ ታያለሽ። ካመለጠሽ አመለጠሽ፣ ነገ ዋጪ። ካፕሱል መስሎሽ እንዳትከፍቺው፣ እንዳታኝኪውም፤ ሳይሰበር ነው የሚዋጠው።

ጾሙን አውቃለሁ። 55ቱን ቀን የዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ ከዚህ መድኃኒት ጋር መያዝ ራስ ምታትና መንቀጥቀጥ መጥራት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስም ምግብ አያሰኝሽም። ለንስሐ አባትሽ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ታማሚ የሚታሰብበት ሥርዓት አለ። የሥራ ባልደረባዬ ረመዳን ሲመጣ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ መድኃኒቷን በሱሁር ሰዓት ነው የምትወስደው። ቡናውን በተመለከተ፣ አትጠጪ አልልሽም፣ እማዬ ትረግመኛለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን በአቦሉ አቁሚ፤ ቶናና በረካው ከመድኃኒቱ ጋር ተደምረው እጅሽን ሲያንቀጠቅጡ "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብለሽ ንጹሑን ትከሺያለሽ። ጫትማ እዚህ አገር ሕገወጥ ነው፤ አገር ቤት ስትሄጂም ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከአምፌታሚን ጋር ቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ሁለቱን መደራረብ በልብ ላይ መጫወት ነው።

እማዬ ስትሰማ "ጸበል ሳትሞክሪ?" ማለቷ አይቀርም። አትጣያት። ጸበሉን ሂጂ፣ ክኒኑን ግን ይዘሽ ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ፣ ሰው ሁለቱንም መውሰድ እንደሚችል በአደባባይ ተናግረው ነበር። እማዬ እሳቸውን እጅግ ታከብራለች፤ ከእኔ ንግግር ይልቅ ይሄን ንገሪያት። ለአክስቶችሽ ሁሉ ግን የማወጅ ግዴታ የለብሽም። መድኃኒት መዋጥሽ የተዝካር ጥሪ አይደለም።

አሁን የእኔን ቤት፣ የፋርማሲውን፣ ነገር ልንገርሽ። በፌዴራል ሕግ ይሄ መድኃኒት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ በአንድ ማዘዣ ደጋግሞ መሙላት የለም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ነው። ቀጠሮ የሚረሳን ሰው ቀጠሮ ካላስታወሰ የማይገኝ መድኃኒት ላይ መጣል! ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዕቃዋ ሳታልቅ አንድ ሳምንት ሲቀራት ለሐኪምሽ ቢሮ ጻፊ፤ ፋርማሲውም ካለቀበት የሚደርስሽ ጊዜ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የአዴራል፣ የሌላው የኤዲኤችዲ መድኃኒት፣ እጥረት መኖሩን ካስታወቀ በኋላ ሰው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት እኔ ነበርኩ "የለም" እያልኩ የምመልሰው። ፊታቸውን አልረሳውም።

ለማንም አንዲት ፍሬ እንዳትሰጪ። የእህታችን ልጅ ለፈተና አንድ ስጪኝ ብትልሽ እንኳን። ወንጀል ነው፣ የእሷንም ልብ አታውቂውም። ሐኪምሽ ወደ አዴራል ወይም ቫይቫንስ ከቀየረችሽ ደግሞ የሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ ላይ አምፌታሚን ሆኖ ይወጣል፤ ማዘዣሽን አሳዪ፣ ውጤቱን የሚያየው ሐኪም ሲደውል ስልክሽን አንሺ። አንቺ ስልክ አታነሺም፤ ለዚህ ነው የምነግርሽ። ሁለተኛ ልጅ ካሰባችሁም ቀድመሽ ተናገሪ፣ ካረገዝሽ በኋላ ደንግጠሽ ሁለቱንም መድኃኒት በአንድ ቀን እንዳትጥዪ።

ለገና አገር ቤት ስትሄጂ ዱባይ ሁለት ቀን አርፈን ዕቃ እንግዛ ብላችኋል አሉ። ወደ ኤምሬትስ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ይዞ ለመግባት ከጤና ባለሥልጣናቸው አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ይሄኛውም ከእነዚያ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከሐኪምሽ ደብዳቤ አጽፊ፣ መድኃኒቱን በዚህችው ስምሽ በተጻፈባት ዕቃ ያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ። ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውዪልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እንሞላለን፤ አንቺ ብቻሽን ከጀመርሽው ገጽ ሁለት ላይ እንደምትተዪው አውቃለሁ።